ባልነበረ አገር ታሪክ መሳሳት ይቻላልን?

የሰው አእምሮ በተፈጥሮው ባዶ ስፍራ አይወድም። የታሪክ መጽሐፍ ሲመለከት አንድ ቅጠል ተቀዶ ቢያገኝ፥ የጐደለው ቅጠል ምን ይል እንደ ነበረ ሳያስብ ወደሚቀጥለው አያልፍም። የአንድ ሰው ትውልዱና ሥራው ተነግሮት የአሟሟቱ ነገር ቢቀርበት፥ የቀረውን ከልቡ አውጥቶ ይጨምርበታል። ይህ ጠባይ ለመልካምም ለክፉም ይሆናል። ሊቃውንት ከሚታየው ተነሥተው የማይታየውን የመረመሩት በዚሁ ጠባይ ነው፤ ሐሜተኛም የባልንጀራውን ስም የሚያጠፋው በዚሁ ጠባይ ነው። ስለዚህ የግምት መብቱ ምንድን ነው? ወሰኑስ እስከ የት ነው? ብሎ መጠየቅ ለአስተማሪም ለተማሪም የሚጠቅም ነገር ነው።

ይህን ጥያቄ ዛሬ የምንመረምረው ብዙዎች አንባቢዎቻችን ባልጠበቁት ስፍራ ነው፤ ይኸውም ወጣቶች በኮምፒውተር በሚጫወቱት የተረት ዓለም ጨዋታ ውስጥ ነው። ምሳሌውን ከዚያ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ በየአገሩ ያሉ ወጣቶች በዚህ ጨዋታ ብዙ ሰዓት ያሳልፋሉና፥ በዚያ የለመዱት አስተሳሰብ ወደ ቤትና ወደ ጉባኤ ተከትሏቸው ይመጣል። ሁለተኛ፥ ነገሩ ሁሉ ልብ ወለድ ስለ ሆነ፥ በዚያ የርስት ክርክር፥ የወገንና የሹመት ነገር የለበትም፤ የግምት ጠባይ ከሌላው ተለይቶ ብቻውን ይታይበታል።

ጨዋታ ስንል እንደ ገበጣ ወይም እንደ ኳስ ማሸነፍና መሸነፍ ብቻ ያለበትን ማለታችን አይደለም። ደራሲዎቹ አንድ ሙሉ አገር በሐሳብ ያቆማሉ፤ ለአገሩም ተራራና ባሕር፥ ነገሥታትና ነገድ፥ የዘመን ቍጥርና የጦርነት ታሪክ ይሰጡታል። ተጫዋቹ በዚያ አገር እንደ መንገደኛ እየተዘዋወረ ፍርስራሽ ያያል፤ ከሰዎቹ ጋር ይነጋገራል፤ በየመደርደሪያው የተቀመጡትን መጻሕፍት ገልጦ ያነባል። ይሁን እንጂ የአገሩ ታሪክ ሁሉ ተሟልቶ አይነገረውም። ስለዚህ ያልተነገረውን ከተነገረው ጋር እያያያዘ የራሱን መላ ምት ያወጣል፤ መላ ምቱንም ለባልንጀሮቹ ጽፎ ያቀርባል፤ እነርሱም ይቀበሉታል ወይም ይቃወሙታል። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል ያገራችን ተረት። እነዚህ ግን ማንም ያላየውን፥ ሊያየውም የማይችለውን አገር ይናፍቃሉ፤ ስለ ታሪኩም ዓመታት ሙሉ ይከራከራሉ።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። አገሩ ካልነበረ፥ ነገሥታቱም ካልነገሡ፥ ስለ እነርሱ የሚነገር ግምት «ትክክል ነው» ወይም «ስሕተት ነው» ሊባል ይችላልን? አንዱ ወገን፥ ነገሩ ሁሉ ፈጠራ ስለ ሆነ እያንዳንዱ እንደ ወደደ ቢናገር ስሕተት የለበትም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ፥ እውነቱ በደራሲው ልብ ብቻ ያለ ስለ ሆነ የቀረው ሰው ዝም ማለት ይገባዋል ይላል። ሁለቱም መልሶች ችኰላ አለባቸው። ይህንም ለማስረዳት ሁለት ምሳሌዎች እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የመጀመሪያው ምሳሌ ቤቴስዳ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በተከታታይ ካወጣው፥ «ዘ ኤልደር ስክሮልስ» ከተባለው ጨዋታ የተወሰደ ነው። በዚህ ጨዋታ ታምሪኤል በምትባል ምድር ድዌመር የተባለ ነገድ ይኖር እንደ ነበረ ይነገራል። ነገዱ በእጅ ጥበብ የታወቀ ነበረ፤ ከመሬት በታች ከተማ ይሠራ፥ ከናስ የተበጀና በእንፋሎት የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ያቆም ነበር። በአንድ ታላቅ ጦርነት ጊዜ ግን ካግሬናክ የተባለው የጠቢባኑ አለቃ፥ ሎርካን የሚሉትን የጥንት አምላክ ልብ ኃይል ለነገዱ ለማድረግ መሣሪያውን እንዳነሣ ይነገራል፤ በዚያን ጊዜም ነገዱ በሙሉ በአንድ ቅጽበት ከምድር ጠፋ። ከተማዎቹ ባዶ ቀሩ፤ የናሱ መሣሪያዎች ግን ጌቶቻቸው ከጠፉ በኋላም መንቀሳቀሳቸውን አልተዉም።

ወዴት ሄዱ? አንዱ ሁሉም በዚያች ቅጽበት ጠፍተዋል ይላል። ሁለተኛው ወደ ሌላ ዓለም ተወስደዋል ይላል። ሦስተኛው እነርሱ ራሳቸው ካበጁት ከታላቁ የናስ ፍጡር ጋር አንድ ሆነው ቀርተዋል ይላል። ለእያንዳንዱ ከጨዋታው ውስጥ የሚጠቀስ አንድ አንድ ማስረጃ አለ፤ ክርክሩን የሚዘጋ ቃል ግን የለም። በ2002 ዓ.ም. «ሞሮዊንድ» የተባለው ክፍል ነገሩን በሰፊው ካነሣው ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል፤ ጥያቄው ግን እንደ ተከፈተ ነው። ወደዚህ ነገድ ኋላ እንመለሳለን።

ሁለተኛው ምሳሌ «ዳርክ ሶልስ» የተባለው የጃፓን ጨዋታ ነው። ይህንም ፍሮም ሶፍትዌር የተባለው ኩባንያ በሂዴታካ ሚያዛኪ መሪነት በ2011 ዓ.ም. አወጣው። በዚህ ጨዋታ ታሪኩን በቅደም ተከተል የሚናገር ተራኪ እምብዛም የለም፤ ታሪኩ ከየስፍራው ከሚገኘው ቀለበት፥ ሰይፍና ልብስ ጋር በተጻፉ አጫጭር መግለጫዎች ተበታትኖ ይገኛል። ከእነዚህ በአንዱ፥ ግዊን የተባለው ንጉሥ የበኵር ልጅ እንደ ነበረው፥ ልጁም የጦር አምላክ ይባል እንደ ነበረ፥ በስንፍናው ምክንያት ግን ከማዕርጉ ተሽሮ ስሙ እንኳ እንዳይታወቅ እንደ ሆነ ይነበባል። ይህ በኵር ማን ነው? ከተሻረ በኋላስ ምን ሆነ? የመጀመሪያው ጨዋታ አልተናገረም።

ከተጫዋቾቹ ብዙዎች ሶሌር የተባለውን፥ በልብሱ ላይ የፀሐይ ሥዕል ያለበትን ደግና ደስተኛ ወታደር «እርሱ ነው» ብለው ገመቱ። ግምቱ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የንጉሡ ወገን በፀሐይ ይታወቅ ነበርና፥ ወታደሩም የራሱን ፀሐይ እየፈለገ ይዞር ነበርና። ነገር ግን ከዚህ የበረታ ሌላ ምክንያት ነበረ፤ ይኸውም ሰዎቹ ሶሌርን ይወዱት ነበር። የወደዱትንም ሰው የንጉሥ ልጅ ሆኖ ማየት ተመኙ። በ2016 ዓ.ም. ሦስተኛው ክፍል በወጣ ጊዜ ግን፥ ስሙ የማይጠራ አንድ ንጉሥ በማዕበል መካከል በዘንዶ ጀርባ ላይ ሆኖ ታየ። ከእርሱ ጋር የተያያዘው መግለጫም ቀድሞ ዘንዶ የሚገድል የጦር አምላክ እንደ ነበረ፥ ኋላ ግን ሁሉን ትቶ ከጥንት ዘንዶዎች ጋር እንደ ተባበረ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ከተጫዋቾቹ የሚበዙት «የጠፋው በኵር ይህ ነው» አሉ፤ የሶሌርም ግምት ወደቀ።

እንግዲህ እናስተውል። የሶሌር ግምት ሲወድቅ የወደቀው ምንድን ነው? ሶሌርም አልኖረም፤ በኵሩም አልኖረም። ታዲያ ስለ ሁለት ያልነበሩ ሰዎች የተነገረ ነገር እንዴት ይወድቃል? ይህን ለማወቅ አንድ የሕፃናት ሒሳብ እንመልከት። «አንድ ነጋዴ መቶ በጎች ነበሩት፤ ሠላሳውን ሸጠ፤ ስንት ቀሩለት?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ነጋዴው የለም፤ በጎቹም የሉም። ቢሆንም «ሰማንያ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ይሳሳታል። ነጋዴው ስላልነበረ መልሴ ሁሉ ትክክል ነው ቢል ማንም አይቀበለውም። የተሳሳተው በጎቹን ባለማየቱ ሳይሆን ለተነገረው ቃል ባለመታመኑ ነውና። ልብ ወለድ ዓለምም እንዲሁ ነው። በዚያ የሚፈለገው እውነት የነገሩ መኖር አለመኖር አይደለም፤ ለተጻፈው መታመን ነው። ስለዚህ ባልነበረ አገር ታሪክ መሳሳት ይቻላል። መሳሳት የሚቻል ከሆነም፥ መጠንቀቅ ይገባል፤ መጠንቀቅ የሚገባ ከሆነም፥ ነገሩ የጠባይ ነገር ሆነ ማለት ነው።

ለተጻፈው የሚታመን ሰው ሦስት ደረጃዎችን ለይቶ ያውቃል። የመጀመሪያው የተጻፈው ነው፤ ንጉሡ የበኵር ልጅ ነበረው፥ ልጁም ተሽሯል የሚለው የዚህ ወገን ነው። ሁለተኛው ከተጻፈው የሚወጣው ነው፤ በዘንዶ ላይ የታየው ስም የለሽ ንጉሥ ያ በኵር ነው የሚለው የዚህ ወገን ነው፤ ማስረጃው ብርቱ ነው፥ ቢሆንም የመጣው በማያያዝ ነው። ሦስተኛው የተመኙት ነው፤ የምንወደው ወታደር የንጉሥ ልጅ ቢሆን እንዴት መልካም ነበር! የሚለው የዚህ ወገን ነው። ከሦስቱ ማንኛውም በደል አይደለም። መመኘትም በደል አይደለም። በደሉ ሦስተኛውን የሁለተኛውን ልብስ አልብሶ፥ ሁለተኛውንም በመጀመሪያው ወንበር ላይ አስቀምጦ ማስተማር ነው።

በተጻፈውም ውስጥ ቢሆን ማን እንደ ጻፈው መመርመር ያስፈልጋል። ቀድሞ በተናገርነው በ«ሞሮዊንድ» ውስጥ ኔሬቫር የተባለ የጦር አለቃ አሟሟቱ በሁለት መንገድ ይተረካል። አንዱ ትረካ በጦርነት በደረሰበት ቍስል ሞተ ይላል፤ ሌላው ትረካ ደግሞ የሚያምናቸው አማካሪዎቹ ገደሉት ይላል። የመጀመሪያውን የሚያስተምሩት፥ ከእርሱ ሞት በኋላ እንደ አምላክ ለመመለክ የበቁት እነዚያው አማካሪዎችና ወገኖቻቸው ናቸው። ሁለተኛውን የያዙት ደግሞ በዚያ አገዛዝ የተገፉት ናቸው። አንባቢው ሁለቱን አስቀምጦ፥ ማን ምን ይጠቀምበታል? ማንስ ምን ይጐዳበታል? ብሎ እንዲመዝን ተትቶለታል። እንዲህ ያለውን ምርመራ በጨዋታ የለመደ ወጣት፥ ስለ እውነተኛው ዓለም ወሬ ሲሰማም ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ሳይጠይቅ እንዳይቀበል ቢማርበት፥ ጨዋታው ከንቱ ሆኖ አልቀረም።

የመጀመሪያው ወገን መልስ ቸኵሏል ያልነው ስለዚህ ነው። የሁለተኛውስ? እውነቱ በደራሲው ልብ ብቻ አለና ሌላው ዝም ይበል የሚለው፥ ደራሲዎቹ ራሳቸው ካደረጉት ጋር አይስማማም። የእንግሊዙ ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1954 ዓ.ም. ለአንዲት አንባቢው በጻፈው ደብዳቤ፥ በአንድ የጥንት ዘመን ትረካ ውስጥ አንዳንድ ምሥጢር ሳይፈታ መቅረት እንደሚገባው፥ በመጽሐፉ ያለው ቶም ቦምባዲል የተባለው ሰውም ሆን ተብሎ እንዲህ የቀረ እንደ ሆነ ገልጿል። ሚያዛኪም ሕፃን ሳለ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የተረት መጻሕፍትን ያነብ እንደ ነበረ፥ ቋንቋውን አጥርቶ ስለማያውቅ ያልገባውን ስፍራ በራሱ ሐሳብ እየሞላ ያልፍ እንደ ነበረ ተናግሯል። ሲያድግ የሠራው ጨዋታ ያንኑ መልክ ያዘ፤ እርሱ በሕፃንነቱ የቀመሰውን ደስታ ሌላው እንዲቀምሰው ስፍራውን ባዶ ተወለት።

ከዚህም የሚያልፍ ነገር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው «ዳገርፎል» የተባለው የኤልደር ስክሮልስ ክፍል ተጫዋቹ እንደ መረጠው ልዩ ልዩ ፍጻሜ ነበረው። ኋላ የዚያን አገር ታሪክ በሌላ ክፍል መቀጠል ባስፈለገ ጊዜ፥ ደራሲዎቹ አንዱን ፍጻሜ መርጠው የቀሩትን ሐሰት አላደረጉም፤ በዚያን ጊዜ የዘመን ሥርዓት ራሱ ተሰብሮ ሁሉም በአንድነት ሆነ ብለው ጻፉ። ይህ ለጨዋታ ብቻ የሚሆን ፈቃድ ነው፤ በእውነተኛው ዓለም አንድ ሰው ሞተም አልሞተም ሊባል አይችልም። ቢሆንም ደራሲዎቹ የእያንዳንዱን ተጫዋች መንገድ ማክበር እንደ ፈለጉ ያሳያል። ስለዚህ ባዶው ስፍራ የተሰጠ እንጂ የተሰረቀ አይደለም። የሚገምት ሰው የሌላውን እርሻ አላረሰም፤ ባለ እርሻው ራሱ ማረፊያ ትቶለታል። ማረፊያ የተሰጠው እንግዳ ግን ርስቱ የእኔ ነው ማለት አይገባውም።

በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ አንዲት የታወቀች ቃል ትዝ ትለዋለች፤ ይህችውም «አንድም» የምትለው ቃል ናት። ማነጻጸራችን ስለ ልማዱ እንጂ ስለ ክብሩ አይደለም፤ ቅዱስ መጽሐፍን ከጨዋታ ጋር ማስተካከል አይገባምና። የመጽሐፍ መምህር ንባቡን ያስቀድማል፤ ትርጓሜውን ያስከትላል። አንዱን ትርጓሜ ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፥ ዳግመኛም «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ይጨምራል። ተማሪውም ንባቡን ከትርጓሜው አያደባልቅም፤ የላይ ቤቱን ከታች ቤቱ ለይቶ ያውቃል። «አንድም» ትንሽ ቃል ስትሆን ሁለት ነገር ትናገራለች፤ ያለፈው ቃል አልተሻረም ትላለች፥ የሚመጣውም ብቻውን አይደለም ትላለች። ይሁን እንጂ በጉባኤ ቤት ማንም የወደደውን ከልቡ አውጥቶ «አንድም» አይልም፤ ከአባቶች የተቀበለውን ይናገራል እንጂ። ስለ ጨዋታ ዓለም የሚገምት ሰው ግን የሚያርመው መምህር፥ የሚመልሰው ወንበር የለውም። መምህር የሌለው ሰው ራሱን መግታት ከሌላው ይልቅ ያስፈልገዋል።

ይህን በማድረግ የሚጠቀስ ምሳሌ በዚያው ጨዋታ ውስጥ ይገኛል። ከጠፋው ከድዌመር ነገድ አንድ ሰው ተርፏል፤ ስሙም ያግሩም ባጋርን ይባላል። ነገዱ በጠፋ ጊዜ ሌላ ዓለም ሄዶ ነበረ፤ ሲመለስ ወገኖቹን አጣቸው፤ የተረፈ ሰው ወይም የነገሩን ምክንያት አገኝ እንደ ሆነ ብሎ ባዶ ከተማዎቹን ለብዙ ዓመት ሲፈልግ ኖረ፤ በመጨረሻም በክፉ ደዌ ተይዞ በአንድ ግንብ ሥር ተቀምጦ ይገኛል። ካግሬናክን ያውቀዋል፤ ከእርሱ በታች ሆኖ የሠራ ጠቢብ ነው። በዚያ አገር ሁሉ «እኔ ልንገራችሁ» ለማለት ከእርሱ የሚበልጥ መብት ያለው የለም። ሲጠየቅ ግን በስፍራው ስላልነበርሁ ምን እንደ ሆነ መናገር አልችልም የሚል መልስ ይሰጣል። ከጊዜ በኋላ ከነገዱ መጻሕፍት ጥቂት ሲመጡለት ተመልክቶ ሁለት ነገር ያስቀምጣል፤ ምናልባት ካግሬናክ ያሰበው ሠምሮለት ነገዱ ባልታሰበ መንገድ ወደ ሌላ ዓለም ተወስዶ ይሆናል፤ አንድም ተሳስቶ ፈጽሞ አጥፍቶት ይሆናል የሚል ነው። ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም። የጠፉት የገዛ ወገኖቹ ናቸው፤ አንዱ ግምት ተስፋ ይሰጠዋል፥ ሁለተኛው ኀዘን ይጨምርበታል፤ ቢሆንም ተስፋ የሚሰጠውን ብቻ አንሥቶ «ይህ ነው» አላለም። ያልሆነ ሰው ቢሆንም ከሆኑት ከብዙዎቻችን ይልቅ ለቃሉ ተጠንቅቋል።

በ2011 ዓ.ም. በወጣው «ስካይሪም» በተባለው ክፍል ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ይታያል። አርኒኤል ጌን የተባለ አንድ የትምህርት ሰው የዚያን ነገድ ምሥጢር አለማወቁን ሊታገሥ አልቻለም። የነገዱን መሣሪያ ስብርባሪ ይሰበስባል፤ ከካግሬናክ መሣሪያዎች አንዱን፥ አጭሩን ሰይፍ፥ በሌላ ሰው እጅ ያስመጣል፤ ካግሬናክ ያደረገውን በትንሹ ልድገም ብሎ በከበረ ድንጋይ ላይ ይመታል፤ በመታም ጊዜ እርሱም ይጠፋል። ነገዱ ወዴት እንደ ሄደ አልታወቀም፤ አሁን የእርሱም መሄጃ አልታወቀም። ደራሲዎቹ ይህን ሲጽፉ ትምህርት ልንሰጥ ነው አላሉም፤ አስተዋይ ሰው ግን አለማወቅን መታገሥ ራሱ የእውቀት ክፍል መሆኑን ከዚህ ይረዳል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚገምት ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡት ሕጎች ሦስት ናቸው። አንደኛው፥ ሲናገር «ተጽፏል» እና «ይመስለኛል» የሚሉትን ቃላት ለይቶ መናገር ነው። ግምት ሲደጋገም ምንጩ ይረሳል፤ ሦስተኛው ሰሚ ከሁለተኛው ሲቀበለው «ይመስለኛል» የሚለው በመንገድ ወድቆ ይቀራል። ሁለተኛው፥ የሌላውን ግምት አለመናቅ ነው። አንዱ ነገዱ ጠፍቷል፥ ሌላው ተወስዷል ሲል፥ ሁለቱም የሚያነቡት አንድ መጽሐፍ ነው፤ ስለ ድዌመር ሲከራከሩ እርስ በርስ የሚሳደቡ ሰዎች ላልነበረ ነገድ ብለው ያለውን ባልንጀራቸውን ያጣሉ። ሦስተኛው፥ የተጻፈው ሲገለጥ ግምትን ያለ ቂም መተው ነው። የሶሌርን ግምት ለአምስት ዓመት የያዘ ሰው፥ አዲሱን ክፍል ባየ ጊዜ «ደራሲው የራሱን ታሪክ አበላሸ» ቢል፥ ከጊዜ ብዛት የራሱን ምኞት እንደ መጽሐፍ ማየት እንደ ጀመረ ራሱ መሰከረ። «መልካም ግምት ነበር፤ አሁን ግን ቃሉ ተገልጿል» ብሎ የሚተው ግን ከሁሉም ይልቅ ተጠቀመ፤ ግምቱን አጣ እንጂ ልቡን አላጣምና።

ምናልባት፥ ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን አይደለምን? የሚል ይገኝ ይሆናል። ልክ ካለፈ እውነት ነው፤ ሥራና ጸሎት፥ ቤተ ሰብና እንቅልፍ የሚወስድ ጨዋታ ሁሉ ይጐዳል። ነገር ግን የነገሩን ልክ ማለፍ ስንነቅፍ ነገሩን በሙሉ እንዳንነቅፍ እንጠንቀቅ። አንድ ወጣት ተበታትኖ የተጻፈን ነገር ለቅሞ፥ አንዱን ከአንዱ አስተያይቶ፥ ተቃራኒውን አዳምጦ ሐሳቡን ማቅረብ ከቻለ፥ የሚያነብበት ዓይን ተከፍቶለታል ማለት ነው። ካህን ወይም ወላጅ ይህን ዓይን በንቀት ቢዘጋው፥ ለሚበልጠው ንባብ የሚከፍትለትን ዓይን ከየት ያመጣለታል? ከመናቅ ይልቅ «ይህን በምን አወቅህ? የተጻፈው የቱ ነው? ያንተ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በጨዋታ ተለምደው ለሌላም ይተርፋሉ።

ይህን መጠንቀቅ አጥብቀን የምንናገርበት ዋናው ምክንያት ግን ጨዋታው አይደለም፤ ባልንጀራችን ነው። የባልንጀራችንም ሕይወት ባዶ ስፍራ የሞላበት ታሪክ ነው። ጎረቤታችን ለምን ፊቱን አጠቈረ? እኅታችን ለምን ከባሏ ተለየች? ወንድማችን ከጉባኤ ለምን ቀረ? አናውቅም። የማናውቀውንም ከልባችን አውጥተን እንሞላለን፤ ለምንወደው መልካሙን፥ ለማንወደው ክፉውን እናስገባለታለን። ተጫዋቾች ሶሌርን ስለ ወደዱት የንጉሥ ልጅ አደረጉት፤ እኛም የጠላነውን ሰው ሌባ ወይም ከዳተኛ እናደርገዋለን። በዚህ ግን ታላቅ ልዩነት አለ። የልብ ወለዱን ባዶ ስፍራ ደራሲው ለአንባቢ ደስታ ትቶታል፤ የባልንጀራችን ዝምታ ግን ለእኛ የተሰጠ ማረፊያ አይደለም፤ የራሱ ቤት ነው። ሶሌር በግምት ቢነግሥም ቢወድቅም አያዝንም፤ ባልንጀራችን ግን በግምታችን ስሙን ያጣል፥ እንጀራውን ያጣል፥ አንዳንድ ጊዜም ትዳሩን ያጣል። በጨዋታ የተሳሳተ ግምት አዲስ ክፍል ሲወጣ ይታረማል። በሰው ላይ የተነገረ ክፉ ግምት ግን ብዙ ጊዜ የሚያርመው ቃል አይወጣለትም፤ ተበዳዩ ዝም እንዳለ ይሞታልና።

ስለዚህ በትንሹ ያልተለማመደ በትልቁ አይገኝም። «ይመስለኛል» ማለትን ስለ ድዌመር መናገር ያቃተው ሰው፥ ስለ ጎረቤቱ ሲናገር ከየት ያገኘዋል? ለሐሰተኛ ነገድ እንኳ ሁለት ግምት አስቀምጦ መፍረድን የተወ ሰው ግን፥ ስለ ወንድሙ ክፉ ወሬ በሰማ ጊዜ «አንድም እንዲህ ይሆናል» ብሎ መልካሙን መንገድ ሊከፍትለት ይችላል። ይህች «አንድም» የሊቃውንት ብቻ አይደለችም፤ የፍቅርም ቃል ናት። በስፍራው ስላልነበርሁ አላውቅም ማለትም የሰነፍ መልስ ሳይሆን የታማኝ ምስክር መልስ ነው።

እንግዲህ አስተማሪዎች የምንሆን፥ ያልተነገረን እንደ ተነገረ አድርገን ከመናገር እንጠበቅ፤ ልጆቻችንም ሲጠይቁን አላውቅም ማለትን አንፈር። ወላጆች የምትሆኑ፥ ልጆቻችሁ ስለ ሩቅ ተረት አገር ሲከራከሩ ስትሰሙ ከመቈጣታችሁ በፊት ክርክሩን ጥቂት አድምጡ፤ ቃልን ከምኞት ለይተው እንደ ሆነ መርምሩ። ወጣቶችም፥ በጨዋታችሁ መካከል እንኳ ለተጻፈው ታመኑ፤ ለባልንጀራችሁም ስፍራ ተዉ። የተሰወረውን የሚያውቅ እግዚአብሔር፥ የምናውቀውን በእውነት የምንናገርበት፥ የማናውቀውንም በትሕትና የምንታገሥበት ልቡና ለሁላችን ያድለን።